እንግዶቻችን ከየት መጡ? የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ታሪክ ከእኛ ፋኩልቲ በኩል ሲታይ

በእኛ ጊዜ ጥቁር አንበሳ የተማረ ሁሉ "ቶሮንቶዎቹ መጡ" የሚለውን ወሬ ያውቀዋል። በዓመት ሦስት ጊዜ ይመጣሉ፣ ለአንድ ወር ያህል ያስተምራሉ፣ ይሄዳሉ። ጥቂት ወራት ቆይቶ ደግሞ ሌሎች ይተካሉ። እኔ ያኔ ሲ-ቱ ነበርኩ፣ የአእምሮ ሕክምና አታችመንት ላይ። አንድ ቀን አንዲት እናት ምን እንደሚሰማቸው ሲጠየቁ "ሆዴን ባር ባር ይለኛል" አሉ። ሬዚደንቱ ለእንግዳዋ መምህር "አዝነዋል" ብሎ በእንግሊዝኛ ተረጎመላት። ሌላኛዋ ሬዚደንት "ኧረ አይደለም፣ ባር ባር ማለት ሐዘን ብቻ አይደለም፣ ፍርሃትም አለበት፣ ባይተዋርነትም አለበት" ብላ ተቃወመች። ክርክር ተነሳ። መምህርቷ እስክሪብቶዋን አስቀምጣ ዝም ብላ አዳመጠችን። ክርክሩ ሲያልቅ ይህን ቃል እሷ ልታስተምረን እንደማትችል፣ ከእኛ መማር ያለባት እሷ እንደሆነች ነገረችን።

ያን ቀን የገረመኝ ትሕትናዋ ነበር። ቆይቶ ግን ሌላ ጥያቄ መጣብኝ። ለመሆኑ እነዚህ ሰዎች ከየት ነው የሚመጡት? የከተማውን ስም አውቀዋለሁ፤ የላካቸው ትምህርት ቤት ግን እንዴት ያለ ነው? እንዴት ተመሠረተ? በምን ተጣላ? ማንን አስገባ፣ ማንንስ በሩ ላይ መለሰ? የመጽሔቱ አዘጋጆች ለዘንድሮው የተመራቂዎች መገናኛ የታሪክ ጽሑፍ ጻፊ ሲሉኝ ይህ የቆየ ጥያቄ ትዝ አለኝ። (ከዚህ በታች "ዓ.ም." ካላልኩ በስተቀር ዓመቶቹ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ካናዳና ግቢያችን

ነገሩን ከቤታችን ልጀምር። ካናዳ ወደ ግቢያችን የገባችው ከቶሮንቶዎቹ ብዙ ቀድማ ነው። በ1950 የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ ሲከፈት የመጀመሪያው ፕሬዚዳንት ዶክተር ሉሲየን ማት ነበሩ። ከኩቤክ የመጡ ፈረንሳይኛ ተናጋሪ ካናዳዊና የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ናቸው። ከዚያ በፊት ከ1945 ጀምሮ የተፈሪ መኮንን ትምህርት ቤትን ይመሩ ነበር። ታላላቆቻችን እንደሚያስታውሱት እሳቸውና ባልደረቦቻቸው የካህን ልብስ አልለበሱም፣ እንደ ማንኛውም መምህር በሱፍና በከረባት ነበር የሚያስተምሩት። ንጉሠ ነገሥቱ ያስቀመጡት ሁኔታ ነበር። ትምህርት ቤቱ የሁሉም እንዲሆን፣ ማንም ቤተሰብ "ልጄን ሃይማኖት ሊያስለውጡብኝ ነው" ብሎ እንዳይሰጋ።

ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም። ቶሮንቶ የተጣላችበት የመጀመሪያው ነገር ይኸው ጥያቄ ነውና፤ በሕዝብ ሀብት የሚሠራ ትምህርት ቤት የማን ቤተ ክርስቲያን ነው?

በጠብ የተወለደ ዩኒቨርሲቲ

የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የተመሠረተው በመጋቢት 1827 በእንግሊዝ ንጉሥ ቻርተር ነው። ያኔ ስሙ ኪንግስ ኮሌጅ ነበር። ዋናው ጠንሳሹ ጆን ስትራካን የሚባሉ የእንግሊዝ ቤተ ክርስቲያን ካህን፣ በኋላ ጳጳስ፣ ናቸው። ለኮሌጁ ከ225,000 ኤከር በላይ የመንግሥት መሬት ተሰጠው። ሜቶዲስቱ፣ ፕሬስቢቴሪያኑ፣ ካቶሊኩ "የሁላችን የሆነው መሬት እንዴት የአንዱን ቤተ ክርስቲያን ኮሌጅ ይቀልባል?" ብለው ተነሱ። (መሬቱ ከዚያ በፊት የማን እንደነበረ ያኔ የጠየቀ የለም። ዛሬ ዩኒቨርሲቲው ራሱ በየስብሰባው መክፈቻ የሂውሮን-ዌንዳት፣ የሴኔካና የሚሲሳጋ ሕዝቦች ምድር እንደሆነ ይናገራል።) ጭቅጭቁ እንዲህ ቀላል አልነበረም፤ ኮሌጁ የመጀመሪያ ተማሪዎቹን ያስተማረው በ1843 ነው። ቻርተር ይዞ 16 ዓመት ያለ ተማሪ!

በ1849 የወጣው ሕግ ነገሩን ቆረጠው። ከጥር 1 ቀን 1850 ጀምሮ ኪንግስ ኮሌጅ ቀርቶ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ሆነ፣ ከቤተ ክርስቲያንም ተለየ። ስትራካን ያኔ ከ70 ዓመት በላይ ነበሩ። ሌላው ሰው ቢሆን በዚህ ዕድሜው ቤቱ ይቀመጥ ነበር። እሳቸው ግን እንግሊዝ ድረስ ሄደው ገንዘብ ለምነው፣ ቻርተር አስፈቅደው በ1852 ትሪኒቲ ኮሌጅን ከፈቱ። ሜቶዲስቶቹ ኮበርግ በምትባል ከተማ ቪክቶሪያ ኮሌጅ ነበራቸው። ካቶሊኮቹም በዚያው በ1852 ሴንት ማይክልስን ከፈቱ። እንግዲህ አንድ ትልቅ ዩኒቨርሲቲ ይሆናል የተባለው ተበታትኖ ትንንሽ ኮሌጆች ሆነ።

ያስታረቃቸው ምን ይመስላችኋል? ላቦራቶሪ ነው። በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ሳይንስ ውድ ሆነ። የኬሚስትሪና የፊዚክስ ላቦራቶሪ ለመሥራት የትንሽ ኮሌጅ ካዝና አይበቃም። በ1887 የፌዴሬሽን ሕግ ወጣ። እያንዳንዱ ኮሌጅ ሃይማኖቱንና የራሱን ሥነ መለኮት ይዞ ይቀጥላል፤ እንደ ግሪክ፣ ላቲን፣ እንግሊዝኛና ፈረንሳይኛ ያሉትን ያስተምራል። ሳይንሱን፣ ሒሳቡንና ሌላውን ግን ዩኒቨርሲቲው ለሁሉም ያስተምራል፣ ዲግሪውንም እሱ ይሰጣል። ቪክቶሪያ በ1890 ገባችና በ1892 ዕቃዋን ጠቅልላ ቶሮንቶ መጣች። ትሪኒቲ በ1904፣ ሴንት ማይክልስ በ1910 ተከተሉ። ዛሬም የአርትና ሳይንስ ተማሪ ከሰባቱ ኮሌጆች የአንዱ አባል ነው። ከ90,000 በላይ ተማሪ ባለበት ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ሰው እንዳይጠፋ የሚያደርገው ይህ ነው፤ ኮሌጁ እንደ ሰፈር ያገለግላል። ይህን ስሰማ የእኛ ዶርም ትዝ ይለኛል። ዩኒቨርሲቲውን የምናውቀው በክፍላችንና በዶርማችን በኩል አልነበር?

የተዘጋው የሕክምና ትምህርት ቤት

አሁን ወደ ሙያችን ልግባ። ብዙዎቻችን የማናውቀው ነገር ይኸውላችሁ፤ ዛሬ በዓለም ከታወቁት አንዱ የሆነው የቶሮንቶ ሕክምና ፋኩልቲ አንድ ጊዜ ተዘግቶ ነበር። ለጥቂት ወራት አይደለም፣ ለ34 ዓመት!

ሕክምና በኪንግስ ኮሌጅ ከመጀመሪያው፣ ከ1843 ጀምሮ ይሰጥ ነበር። በ1853 መንግሥት አዲስ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ሲያወጣ ሕክምናና ሕግ እንዳይሰጡ ሰረዛቸው። የቀረበው ምክንያት ሐኪምና ጠበቃ ከተመረቁ በኋላ ጥሩ ገንዘብ ያገኛሉ፣ ስለዚህ ሕዝብ ለምን ይከፍልላቸዋል የሚል ነው። ነገር ግን በዚያ መንግሥት ውስጥ ሚኒስትር ከነበሩት አንዱ ዶክተር ጆን ሮልፍ የራሳቸው የግል ሕክምና ትምህርት ቤት ነበራቸው። የመንግሥቱ ትምህርት ቤት ሲዘጋ ማን እንደሚጠቀም መገመት አያስቸግርም። እስከ 1887 ድረስ በቶሮንቶ ሕክምና የሚማር ሰው በግል ትምህርት ቤቶች ነበር የሚማረው። የእነዚያ ትምህርት ቤቶች ገቢ ደግሞ ተማሪው የሚከፍለው ገንዘብ ነው። ፋኩልቲው ተመልሶ የተከፈተው ከግል ትምህርት ቤቶቹ አንዱን ወደ ራሱ በማስገባት ነው።

ይህን ስጽፍ እዚህ አገር አሁን የሚሰማውን ክርክር አስባለሁ። "ሐኪሙ ተምሮ ይሄዳል፣ መንግሥት ለምን ያስተምረዋል?" የሚል ሰው ሞልቷል። የቶሮንቶ ታሪክ ያንን ጥያቄ አንድ ጊዜ በመዝጋት መልሶታል። መልሱ ስላልሠራ ከአንድ ትውልድ በኋላ መልሶ ከፈተው።

በሩ ላይ የተመለሱት

በእነዚያ የግል ትምህርት ቤቶች ዘመን በሩ ለማን እንደተከፈተ ማየት ደግሞ ያስተምራል። አሜሪካ ውስጥ በቀለሙ ምክንያት የሕክምና ትምህርት ቤት የከለከለው አሌክሳንደር ኦገስታ ቶሮንቶ መጥቶ በትሪኒቲ ሕክምና ተምሮ ተመረቀ። በኋላ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት የሠራዊት ሐኪም፣ ከዚያም በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና መምህር ሆነ። እዚያው ቶሮንቶ የተወለደው አንደርሰን አቦትም በ1861 የሐኪምነት ፈቃድ ሲያገኝ ከካናዳ ተወላጅ ጥቁሮች የመጀመሪያው ነበር።

ሴቶቹ ግን ተመለሱ። ኤሚሊ ስቶው በ1860ዎቹ ለመማር ጠይቃ ሴት ናትና አይሆንም ተባለች። ኒው ዮርክ ሄዳ በ1867 ተመርቃ ተመለሰችና ቶሮንቶ ላይ ፈቃድ ሳይኖራት ማከም ጀመረች። ፈቃድ ለማግኘት ደግሞ በኦንታሪዮ ትምህርት ቤት የተወሰነ ጊዜ መማር ነበረባት። በመጨረሻ እሷና ጄኒ ትራውት ሲፈቀድላቸው ክፍል ውስጥ ከወንዶቹ የደረሰባቸውን ፌዝና ስድብ ታሪክ መዝግቦታል። ትራውት በ1875 ፈቃድ ያገኘች የመጀመሪያዋ ሴት ሐኪም ሆነች። ስቶው ፈቃዷን እስከ 1880 ጠበቀች። ልጇ አውጉስታ በ1883 በካናዳ ሕክምና ተምራ የተመረቀች የመጀመሪያዋ ሴት ሆነች። በዚያው ዓመት ለሴቶች ብቻ የሆነ የሕክምና ኮሌጅ ቶሮንቶ ላይ ተከፈተ፤ እስከ 1906 ሠርቶ ዩኒቨርሲቲው ሴቶችን ሲቀበል ተዘጋ። የዚያ ኮሌጅ ክሊኒክ አድጎ ዛሬ ዊሜንስ ኮሌጅ ሆስፒታል የሚባለው ሆነ።

እኔ በገባሁበት ባች ሴቶች ጥቂት ነበርን። ቀዶ ሕክምና እንፈልጋለን ያልን ሴቶች "ትዳርሽንስ?" ተብለን ያልተጠየቅን የለንም። ስለዚህ ኤሚሊ ስቶውን ሳነብ ሩቅ አገር አልመሰለኝም።

በሩ ደግሞ አንድ ጊዜ ተከፍቶ አያበቃም። በ1919 ለተማሪዎች መዝናኛና መሰብሰቢያ የተከፈተው ሃርት ሃውስ ሴቶችን በአባልነት የተቀበለው በ1972 ነው። በዚያው ዓመት ገና እየተሠራ የነበረው ትልቁ የሮባርትስ ቤተ መጻሕፍት መደርደሪያዎች ለመምህራንና ለድኅረ ምረቃ ተማሪ ብቻ ሊሆኑ ታቅዶ ነበር። የመጀመሪያ ዲግሪ ተማሪዎች "መጽሐፉን እኛም በእጃችን እንፈልግ" ብለው የአስተዳደሩን ሕንፃ ያዙ። ተፈቀደላቸው። እነዚያ ተማሪዎች ባይጮኹ ኖሮ ዛሬ የሚገባው ልጅ መጽሐፉን በመስኮት ነበር የሚጠይቀው።

አንድ ደብዳቤና የተባረረ መምህር

ለመምህራኖቻችን ስል ቀስ ብዬ የምነግራችሁ ግን የ1895ቱን ነው።

በዚያን ጊዜ በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የሚሾመው የኦንታሪዮ መንግሥት ነበር። ጆርጅ ሮንግ የሚባሉ ሰው የታሪክ ፕሮፌሰር ተደርገው ተሾሙ። የዩኒቨርሲቲው ቻንስለር አማች ነበሩ። የላቲን መምህሩ ዊልያም ዴል ሹመቱን ነቅፈው ለጋዜጣ ደብዳቤ ጻፉ። መንግሥት አባረራቸው። የተማሪዎቹ ጋዜጣ ቫርሲቲ አዘጋጅም ታገደ። በየካቲት 1895 ተማሪዎቹ ተሰብስበው ክፍል አንገባም አሉ። ከመሪዎቹ አንዱ ዊልያም ላየን ማከንዚ ኪንግ የሚባል ተማሪ ነበር፤ በኋላ የካናዳ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው። አጣሪ ኮሚሽን ተቋቋመ፤ በአመዛኙ ለአስተዳደሩ ፈረደ። ዴል አልተመለሱም። ታሪክ ደግሞ ቀልደኛ ናት፣ ሮንግ ራሳቸው ውለው አድረው የተከበሩ የታሪክ ምሁር ሆኑ። ስለዚህ ጥያቄው ሰውየው ይችላል አይችልም አልነበረም። ማን ይሹም፣ ማንስ ያባርር ነበር ጥያቄው።

መልሱ 11 ዓመት ፈጀ። በጆሴፍ ፍላቬል የሚመራ ኮሚሽን አጥንቶ ያቀረበውን ተከትሎ በ1906 አዲስ የዩኒቨርሲቲ ሕግ ወጣ። መንግሥት የአስተዳደር ቦርዱን ይሾማል፤ መምህር መቅጠርና ማሰናበት ግን በፕሬዚዳንቱ አቅራቢነት የቦርዱ ሥራ ሆነ። የትምህርቱን ጉዳይ ሴኔቱ ይዘው። ሚኒስትር በቀጥታ ፕሮፌሰር መሾሙ ቀረ። ገንዘብም አልተረሳም፣ ከክፍለ ሀገሩ የውርስ ቀረጥ ድርሻ ተመደበለት። ያለ ገንዘብ ነፃነት ባዶ ቃል እንደሆነ ኮሚሽኑ ያውቅ ነበር ማለት ነው። በ1972 ሥራ ላይ በዋለው ሕግ ደግሞ ቦርዱና ሴኔቱ ቀርተው መምህራን፣ ተማሪዎች፣ ሠራተኞችና የቀድሞ ተመራቂዎች ድምፅ ያላቸው አንድ ጉባኤ ተቋቋመ። የቀድሞ ተመራቂዎች ያልኩትን ልብ በሉልኝ። እኛን መሳዮቹን ማለት ነው።

የዴልን ታሪክ ሳነብ ስለ ማን እንዳሰብኩ ለዚህ ፋኩልቲ ልጅ መንገር አያስፈልግም። በ1985 ዓ.ም. ፕሮፌሰር አስራት ወልደየስን ጨምሮ ከ40 በላይ የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ መምህራን በአንድ ጊዜ ተባረሩ። የፋኩልቲያችን ዲን የነበሩ፣ ስንቱን የቀዶ ሐኪም ያሠለጠኑ ሰው! እኔ ያኔ ገና ልጅ ነበርኩ፤ ያስተማሩኝ ግን የእሳቸው ተማሪዎች ናቸው፤ ራውንድ ላይ "ፕሮፌሰር ቢሆኑ እንዲህ ይሉ ነበር" የሚል ወሬ ሰምቼ ነው ያደግሁት። አንድ መምህር ሲባረር የሚባረረው እሱ ብቻ አይደለም። ያላስተማራቸው ባቾች ሁሉ አብረው ያጡታል። አሁን ዩኒቨርሲቲያችን ራስ ገዝ ሆኗል። ቃሉ ደስ ይላል። ከቶሮንቶ የምንማረው ቃሉ ሥጋ የሚለብሰው ማን ቀጥሮ ማን ያሰናብታል፣ ገንዘቡስ ከየት ይመጣል የሚሉት ሁለቱ ጥያቄዎች ሲመለሱ ብቻ እንደሆነ ነው።

ኢንሱሊን፣ በአንድ ዶላር

ስለ ቶሮንቶ ጽፎ ኢንሱሊንን መዝለል አይቻልም፣ ግን ሁላችሁም የምታውቁትን አላረዝምም። በ1920 ኅዳር ወጣቱ የቀዶ ሐኪም ፍሬድሪክ ባንቲንግ ሐሳቡን ይዞ ወደ ፊዚዮሎጂ ፕሮፌሰሩ ጆን ማክሊዮድ ቀረበ። ማክሊዮድ ላቦራቶሪ፣ ውሾችና ቻርልስ ቤስት የሚባል ተማሪ ረዳት ሰጡት። በ1921 መጨረሻ የባዮኬሚስትሪ ባለሙያው ጄምስ ኮሊፕ ተጨመረ። ጥር 11 ቀን 1922 በቶሮንቶ ጄኔራል ሆስፒታል የ14 ዓመቱ ሌናርድ ቶምሰን የመጀመሪያውን መርፌ ወሰደ። አልሠራም ማለት ይቻላል፤ መድኃኒቱ ንጹሕ አልነበረም፣ የተወጋበት ቦታም ቆሰለ። ኮሊፕ ሌት ተቀን ሠርቶ አጠራው። ጥር 23 ቀን እንደገና ተሰጠው፣ ስኳሩም ወረደ።

እኔን የሚስበኝ ከዚያ በኋላ የሆነው ነው። አራቱ ሰዎች ተጣሉ። በ1923 ኖቤል ለባንቲንግና ለማክሊዮድ ሲሰጥ ባንቲንግ ተናድዶ ድርሻውን ለቤስት አካፈለ፣ ማክሊዮድም ለኮሊፕ። የባለቤትነት መብቱን ግን ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ለዩኒቨርሲቲው ሸጡት። የተፈለገው መድኃኒቱን አንድ ነጋዴ ብቻውን እንዳይዘው ነበር። የዩኒቨርሲቲው የኮናውት ላቦራቶሪም አመረተው። ይኸው ላቦራቶሪ ቀድሞ ለዲፍቴሪያ መድኃኒት፣ በ1950ዎቹ ደግሞ ለፖሊዮ ክትባት የሚሆነውን ቫይረስ በብዛት ለማምረት ዋና ሥራ የሠራ ነው። እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ፋብሪካ ነበረው፤ ለሕዝብ ጤና።

በ100 ዓመት ውስጥ ግን ያ አንድ ዶላር ምን ሆነ? ተመላላሽ ክፍል የምትሠሩ ታውቁታላችሁ። ኢንሱሊን ገዝታ በረዶ የሌለበት ቤት የምትገባ እናት፣ ከሸክላ እንስራ ሥር የምታስቀምጥ እናት ስትመጣ ስለ ግኝቱ ማውራት ይከብዳል። ግኝት ግማሹ ሥራ ነው። ሌላውን ግማሽ በእያንዳንዱ አገር የሚሠራው የሠለጠነ ሰው ነው።

ወደ እኛ የመጣው

ወደ መጀመሪያው ነገር ልመለስ። በ2003 አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የመጀመሪያውን የአእምሮ ሕክምና ሬዚደንሲ ሲከፍት በመላ አገሪቱ የነበሩት የአእምሮ ሐኪሞች 11 ብቻ ነበሩ። ከዚያ በፊት ስፔሻሊስት ለመሆን ውጭ መሄድ ግድ ነበር፣ ውጭ የሄደ ደግሞ ሁሉም አይመለስም። ፕሮፌሰር አታላይ ዓለምና ባልደረቦቻቸው ከቶሮንቶዋ ዶክተር ክሌር ፔን ጋር ሆነው ሐሳቡን ገለበጡት፤ ተማሪው ከሚሄድ መምህሩ ይምጣ። የቶሮንቶ መምህራን፣ ከአንድ የራሳቸው ሬዚደንት ጋር፣ በዓመት ሦስት ጊዜ ለአንድ አንድ ወር እየመጡ ከእኛዎቹ ጎን አስተማሩ። ሥርዓተ ትምህርቱ የእኛ፣ ዲግሪውም የእኛ። በመጀመሪያው ዙር የገቡት ሰባት ነበሩ። ዛሬ የዚያ ፕሮግራም ተመራቂዎች አዳዲስ ሬዚደንቶችን ያሠለጥናሉ፤ አብዛኞቹም አገር ውስጥ ናቸው። በ2008 አካሄዱ ወደ ሌሎች የትምህርት ክፍሎች ሰፋ፤ የድንገተኛ ሕክምና ሬዚደንሲያችን ሲጀመርም ከቶሮንቶ የመጡ እጆች ነበሩበት።

ነገሩ አንድ አቅጣጫ ብቻ የሄደ እንዳይመስላችሁ። ቶሮንቶ ያለው ማኅበረሰባችን፣ የቢቂላ ሽልማት ድርጅት፣ ፕሮፌሰር ማይክል ጀርቨርስና አቤል ተስፋዬ፣ ልጆቻችን ዘ ዊክንድ የሚሉት፣ ገንዘብ አዋጥተው በ2017 በቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ የግዕዝ ትምህርት ተጀመረ። እነሱ ሬዚደንት እንድናሠለጥን ረዱን፤ እኛ ደግሞ ፊደላችንን ላክንላቸው።

እውነቱን ለመናገር ሌላም ገጽ አለ። ቶሮንቶ የምትኖሩ የዚህ ፋኩልቲ ልጆች ታውቁታላችሁ፤ ፈተናውን ሁሉ አልፎ ለውጭ ተመራቂ የተመደበችውን ጥቂት የሬዚደንሲ ቦታ ዓመት ከዓመት መጠበቅን፣ በመጠባበቂያው ጊዜ ሌላ ሥራ መሥራትን። ያቺው አገር በአንድ እጇ መምህር ስትልክልን በሌላው እጇ ያስተማርናቸውን ትወስዳለች፣ ወስዳም ሁሉንም በሙያቸው አታሠራም። ይህን የምለው ለወቀሳ አይደለም። የመጡት መምህራን ይህን ራሳቸው ያውቁታል፤ የመጡትም አንዱ ምክንያት ይኸው ይመስለኛል።

እንግዲህ እንግዶቻችን የመጡበት ቤት እንዲህ ያለ ነው። ፋኩልቲውን ዘግቶ የከፈተ፣ ሴትን መልሶ ያስገባ፣ መምህሩን አባርሮ ሕጉን የለወጠ ቤት። ታላቅነቱ አለመሳሳቱ ላይ አይደለም። እያንዳንዱን ስህተት ያረመው ከውጭ የመጣ ሰው አልነበረም፤ ተማሪው፣ መምህሩና ተመራቂው ናቸው።

ስለዚህ ለዘንድሮው ግንኙነታችን አንድ ነገር ልጠይቅ። ከውጭ የምትመጡ የእኛ ልጆች፣ ስትመጡ ለግብዣ ብቻ አትምጡ፤ አንድ ሳምንትም ቢሆን ራውንድ ላይ ቁሙ፣ አንድ ሴሚናር ስጡ። እዚህ ያላችሁ መምህራን ደግሞ በሩን ክፈቱላቸው፣ የሚማሩትንም አስተምሯቸው። ያች መምህር እስክሪብቶዋን አስቀምጣ "ባር ባር" ምን ማለት እንደሆነ ከእኛ ስትማር ያየሁት ትምህርት አሁንም ክፍሌ ውስጥ አለ። ለሬዚደንቶቼ ይህን ቃል ስጠይቃቸው እስከ ዛሬ ይከራከራሉ።

ደኅና እንገናኝ፤ የሌሉትን እያሰብን፣ ያሉትን እያመሰገንን።